ከቀለጠ በኋላ የማይታጠብ፦ የሁዋሬስ ፌሮ ጉዳይ

ይህ የጉዳይ ጥናት ሜክሲኮ ውስጥ፣ ሁዋሬስ በምትባል የድንበር ከተማ ስለደረሰ ነገር ነው። የጻፍሁት ጎንደር ሆኜ፣ ለጎንደር በያጆች፣ ለቆራሌዎችና ለውዳቂ ብረት ነጋዴዎች ነው። ጨረራ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ቼርኖቢልን ወይም ፉኩሺማን ነው፤ ሁዋሬስ ላይ ግን የኑክሌር ጣቢያ የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው መጋዘን፣ ፒክአፕ መኪናና በኪሎ የሚሸጥ ብረት ነው። እነዚህ እኛም ዘንድ አሉ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1977 ሁዋሬስ ያለ አንድ የግል ሆስፒታል ከአሜሪካ ያገለገለ የካንሰር ማከሚያ ማሽን ገዛ። ማሽኑ ዕጢን በኮባልት 60፣ ማለትም ራሱ ጨረራ በሚረጭ የብረት ዓይነት፣ የሚያክም ነው። ወደ አገር ሲገባ ለጨረራ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አልተነገረም፣ ፈቃድም አልወጣለትም። ሆስፒታሉ ማሽኑን የሚያሠራ ባለሙያ ስላልነበረው መጋዘን ውስጥ አስቀመጠው፤ ስድስት ዓመት ያህል አቧራ ሲጠጣ ኖረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን ላጥራ። ኤክስሬይ ማሽን ጨረራ የሚያመነጨው በኤሌክትሪክ ነው፤ ከተነቀለ በኋላ እንደማንኛውም ዕቃ ብረትና መስታወት ነው። የኮባልት ማሽን ግን ጨረራውን የሚያገኘው ራሱ ውስጥ ከተቀበረው ኮባልት ነው። መብራት ኖረ አልኖረ፣ ተሰካ አልተሰካ፣ ኮባልቱ ሲረጭ ውሎ ሲረጭ ያድራል። ሰውን የሚጠብቀው ዙሪያውን የከበበው የእርሳስ ግድግዳ ብቻ ነው። ለውዳቂ ብረት ነጋዴ ደግሞ ያ እርሳስ ገንዘብ ነው።

በታኅሣሥ 1983 አንድ የሆስፒታሉ የጥገና ሠራተኛ ከጓደኛው ጋር ሆኖ ማሽኑን ፈታታው፤ የከበደውን ክፍል ፒክአፕ ላይ ጫኑና ወደ ውዳቂ ብረት ግቢ ወሰዱት። ኮባልቱን የያዘችው ከማይዝግ ብረት የተሠራች መያዣ በዚያው መሐል ተበሳች። በውስጧ 6,000 ያህል የኮባልት ፍሬዎች ነበሩ፤ እያንዳንዷ ፍሬ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ናት። ከፊሎቹ የፒክአፑ ወለል ላይ ፈሰሱ፣ ከፊሎቹ መንገድ ላይ ተንጠባጠቡ፣ ብዙዎቹ ብረት ግቢው ደረሱ።

የአንዲቱን ፍሬ ጉልበት በቁጥር ማስላት ይቻላል። ሁሉም ፍሬዎች ተደምረው በዚያን ጊዜ 450 ኩሪ (የጨረራ አመንጪ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ነበሩ፤ ለአንዷ ፍሬ 2.8 ጊጋቤክሬል ያህል ይደርሳታል። ይህም በየሰከንዱ 2.8 ቢሊዮን አቶሞች ውስጧ እየተለወጡ ጨረራ ይወረውራሉ ማለት ነው። ከአንዲት ፍሬ አንድ ሜትር ርቆ አንድ ሰዓት የቆመ ሰው 1 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚወስደው ጨረራ መለኪያ) ያህል ይወስዳል፤ በዓለም አቀፉ ደንብ ለተራ ሰው ከእንዲህ ዓይነት ምንጭ በዓመት የሚፈቀደው ጠቅላላ መጠን ይኸው ነው። ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ከቀረበ ያንኑ መጠን ለመውሰድ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ይበቃዋል። እንግዲህ ይህች ፍሬ የጫማ ሶል ውስጥ ብትሰካ፣ ወይም ቱታ ኪስ ውስጥ ብትገባ ምን እንደሚሆን አንባቢ ያስላ። ሽታ የላት፣ ሙቀቷ አይሰማ፣ ጨለማም ውስጥ አታበራ።

ፒክአፑ ከዚያ በኋላ ተበላሽቶ ለሳምንታት መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ቆመ። ልጆች ይጫወቱበት ነበር።

ብረት ግቢው ውስጥ የሆነው ነገር ለእኛ ሙያ ቅርብ ነው። ግቢው ውዳቂ ብረቱን የሚያነሳው በማግኔት ክሬን ነው። ኮባልት ደግሞ እንደ ብረት በማግኔት ይሳባል። ክሬኑ ብረት ባነሳና ባራገፈ ቁጥር ፍሬዎቹን እያነሳ ግቢው ውስጥ ካለው ክምር ሁሉ ጋር ቀላቀላቸው። አንድ ጥግ ላይ ተቀምጦ ተለቅሞ ሊያልቅ ይችል የነበረ ነገር በጥቂት ቀናት ውስጥ በመላው ግቢ ተዘራ። ከዚያ ግቢ ብረት የገዙ ሁለት ማቅለጫዎች ነበሩ፦ አንደኛው የግንባታ ፌሮ ያወጣል፣ ሌላው የጠረጴዛ እግር ይቀርጻል። ፍሬዎቹ ከውዳቂው ጋር አብረው ምድጃ ገቡ።

ማንም ሳያውቅ ስድስት ሳምንት ገደማ አለፈ። በጥር 16 ቀን 1984 ፌሮ የጫነ ከባድ መኪና አሜሪካ ውስጥ ሎስ አላሞስ በሚገኘው ብሔራዊ ላቦራቶሪ አጠገብ ሲያልፍ መንገድ ዳር የተተከለ የጨረራ መመርመሪያ ጮኸ። መመርመሪያው የተተከለው ከላቦራቶሪው ለሚወጣ እንጂ ከውጭ ለሚመጣ ጭነት አልነበረም። መኪናው በሌላ መንገድ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ፌሮው ያለ አንዳች ጥርጣሬ ኮንክሪት ውስጥ ይገባ ነበር። መርማሪዎቹ ጭነቱን ተከታትለው ወደ ማቅለጫው፣ ከማቅለጫው ወደ ብረት ግቢው፣ ከግቢው ወደ ፒክአፑና ወደ ሆስፒታሉ መጋዘን ደረሱ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። አራዳ ገበያ አጠገብ ከሚሠሩ በያጆች ጋር ይህን ታሪክ ሳነሳ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ጎረምሶቹ ሁሉ ጋሼ የሚሏቸው፣ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «መምህር፣ ይኸ ብረት አይደለም ወይ? በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ፣ በአሲድ ታጥቦ አይለቅም?» ጥያቄው የባለሙያ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ግማሹ አዎ፣ ግማሹ አይደለም የሚል ነው። ሁለቱን የሚለየው ጨረራ አመንጪው ነገር ከብረቱ ገጽ ላይ ነው ወይስ ከብረቱ ሆድ ውስጥ የሚለው ነው።

ገጽ ላይ ያለው ይለቃል። በኑክሌር ጣቢያዎች የሚሠራው የጽዳት ሥራ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፤ ለብረት ሠሪ ሰው ደግሞ እንግዳ አይደለም። መጀመሪያ የሚደረገው ምርመራ ቀላል ነው። ባለሙያው ጓንት ያጠልቅና ክብ ወረቀት ወይም ጨርቅ ይዞ 100 ሴንቲ ሜትር ካሬ የሚሆን ገጽ ይጠርጋል፤ ከዚያ ወረቀቱን በመመርመሪያ ያየዋል። ወረቀቱ ላይ የተገኘው ልቅ ብክለት ይባላል፤ እጅ ሲነካው፣ ነፋስ ሲነፍስበት የሚሄደው እሱ ነው። ሰው የሚተነፍሰውና ከምግቡ ጋር የሚበላውም እሱ ነው። ከጠረጋ በኋላ ብረቱን ራሱን ሲለኩት አሁንም የሚጮህ ከሆነ የቀረው ተጣብቋል ማለት ነው። በዓለም አቀፉ የማጓጓዣ ደንብ አንድ ገጽ ተበክሏል የሚባለው በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.4 ቤክሬል በላይ ቤታ ወይም ጋማ አመንጪ ሲገኝበት ነው (አልፋ፣ ቤታና ጋማ የጨረራ ዓይነቶች ናቸው)፤ ለአብዛኞቹ አልፋ አመንጪዎች ወሰኑ በአሥር እጥፍ ይጠብቃል፣ 0.04 ነው። በጣም ትንሽ ቁጥር ነው፤ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ በአምስት ሰከንድ ሁለት አቶም ቢለወጥ ወሰኑ ሞላ።

ልቅ የሆነው በእርጥብ ጨርቅ፣ በሳሙና ውኃ፣ በልዩ መምጠጫ ይነሳል። ወይም ገጹን በሚላጥ ቀለም ይቀቡታል፤ ቀለሙ ሲደርቅ እንደ ቆዳ ተልጦ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ደረቅ መጥረጊያና የሽቦ ብሩሽ ክልክል ናቸው፤ ወለል ላይ የነበረውን ወደ ሳንባ ያስነሱታልና።

የተጣበቀው ግን ሌላ ሥራ ይጠይቃል። የኑክሌር ማብላያ ውስጥ ወደ 300 ዲግሪ የሚጠጋ ውኃ ዓመቱን ሙሉ በቧንቧ ይዞራል። ውኃው ከቫልቮቹ ጠንካራ ቅይጥ ኮባልት በጥቂቱ እየበላ ይሄዳል፤ ያ ኮባልት ማብላያው እምብርት ሲደርስ በኒውትሮን ተመትቶ ኮባልት 60 ይሆናል፤ ከዚያ ተመልሶ ቧንቧው ውስጠኛ ገጽ ላይ ከዝገቱ ጋር ይጋገራል። የዝገቱ የላይኛው ሽፋን ላላ ያለ ነው። የታችኛው ግን ክሮሚየም የበዛበት፣ አሲድ ብቻውን የማይደፍረው ነው። ስለዚህ ሥራው በሁለት ደረጃ ይሄዳል፦ በፐርማንጋኔት ክሮሚየሙን ወደሚሟሟ መልክ ይለውጡታል፣ ቀጥሎ በኦክሳሊክ አሲድ የቀረውን ዝገት ያሟሙታል። ይህንን ዑደት ይደጋግሙታል። የሟሟው ሁሉ ጥቃቅን የሙጫ ቅንጣቶች በሞሉ ማጣሪያዎች ውስጥ ያልፋል፤ ጨረራ አመንጪው ሙጫው ላይ ይቀራል፣ ውኃው ይመለሳል። መቶ ሜትር ቧንቧ ላይ ተለጥፎ የነበረው ጥቂት በርሜል ውስጥ ተሰብስቦ ይቀራል።

ለተፈታታ ዕቃ ከዚህም ጠንከር ያለ መንገድ አለ። በከፍተኛ ግፊት ውኃ መግረፍ፣ በአሸዋ ወይም በጥቃቅን የብረት ፍሬ መምታት፣ ፎስፎሪክ አሲድ ውስጥ ነክሮ በኤሌክትሪክ ገጹን በስሱ መግፈፍ፣ በሌዘር ማቃጠል። ሁሉም አንድ ሐሳብ ነው፦ ከብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ገፍፎ ማውጣት። እዚህ ላይ የጠየቁኝ ሰው ትክክል ናቸው፤ በብርጭቆ ወረቀት ማሸትም የዚሁ ዘመድ ነው። ልዩነቱ የተገፈፈው አቧራ የት ሄደ የሚለው ላይ ነው። በኑክሌር ጣቢያ ሥራው በተዘጋ ሳጥን ወይም ድንኳን ውስጥ፣ አየሩ በማጣሪያ እየተሳበ ይከናወናል፤ አቧራው ይመዘናል፣ ይመዘገባል፣ ይቀበራል። ብረቱን አጽድቶ አቧራውን ግቢ ውስጥ መበተን ብክለቱን ከአንድ ቦታ ወደ ሺህ ቦታ ማዛወር ነው።

ሁዋሬስ ላይ ግን ይህ ሁሉ ዘዴ አንዱም ሊሠራ አልቻለም፤ ምክንያቱም ኮባልቱ ቀልጧል። ኮባልትና ብረት የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ በኬሚካዊ ጠባያቸው ስለሚመሳሰሉ ምድጃ ውስጥ አይለያዩም። የጤፍ ቅንጣት የነበረችው ፍሬ በቶን የሚቆጠር ብረት ውስጥ ሟሟች፤ ከዚያ የወጣው ፌሮ ከቆዳው እስከ እምብርቱ እኩል ጨረራ ይረጫል። እንዲህ ዓይነቱን ፌሮ አሥር ጊዜ ብታሸው፣ ግማሹን ብትገፈው የቀረው ግማሽ ያው ነው።

ብረቱ ሲቀልጥ ሁሉም ነገር እንደ ኮባልት አይደለም፤ ይህን ልዩነት ማወቅ ይጠቅማል። ሲዚየም 137 የተባለው ሌላ ጨረራ አመንጪ በ670 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ 1,500 ዲግሪ በሚደርሰው የብረት ምድጃ ውስጥ አይቆይም፤ ከጭሱ ጋር ይወጣና አቧራ ላይ ይቀመጣል። በግንቦት 1998 ስፔን ውስጥ አልሄሲራስ አጠገብ በሚገኝ የማይዝግ ብረት ማቅለጫ አንድ የሲዚየም ምንጭ ሳይታወቅ ቀልጦ የሆነው ይኸው ነው። ብረቱ ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ የጭስ ማውጫው አቧራ ተበከለ፤ ከዚያ ያመለጠው ሲዚየም ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ስዊዘርላንድ ሰማይ ላይ ተለካ። ዩራኒየምና ፕሉቶኒየም ደግሞ ከቀለጠው ብረት ላይ ከሚንሳፈፈው ቆሻሻ ጋር ይወጣሉ። በስዊድንና በጀርመን ከኑክሌር ጣቢያ የወጣ ብረት ሆን ተብሎ የሚቀለጥባቸው ልዩ ምድጃዎች ይህንኑ ጠባይ ይጠቀሙበታል፤ ከማቅለጥ በፊት ገጹን ያጸዳሉ፣ ከማቅለጥ በኋላ ናሙና ወስደው ይለካሉ። ኮባልት 60 በግራም ከ0.1 ቤክሬል በታች ከሆነ ዓለም አቀፉ መለኪያ ብረቱን ወደ ተራ ገበያ ይመልሰዋል።

ሁዋሬስ ላይ ታዲያ ምን ተደረገ? ከባዱ ሥራ የመጣው እዚህ ነው። ማቅለጫዎቹ እስኪነቃባቸው ድረስ 6,600 ቶን ያህል ፌሮና 30,000 ያህል የጠረጴዛ እግር አውጥተው ነበር። የጠረጴዛ እግር መሰብሰብ ይቻላል። ፌሮ ግን የሚገባው ኮንክሪት ውስጥ ነው፤ ከገባ በኋላ የሚወጣው ቤቱ ሲፈርስ ነው። የሜክሲኮ መንግሥት 17,636 ሕንፃዎችን አንድ በአንድ በመመርመሪያ አስፈተሸ። ከእነዚህ 814ቱ ከተፈቀደው በላይ ሆነው ተገኙና በከፊል ወይም በሙሉ እንዲፈርሱ ተወሰነ። ከተማው መንገድና ሜዳ ላይ የተንጠባጠቡትን ፍሬዎች በመኪናና በሄሊኮፕተር በተጫነ መመርመሪያ ፈለጉ። ጨረራ ያገኛቸው ሰዎች 4,000 ያህል እንደሆኑ ተገመተ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቸል የሚባል ግን እውነተኛ ነው። ኮባልት 60 በየ5.27 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከ40 ዓመት በኋላ የሚቀረው ከ200 እጅ አንድ እጅ ገደማ ነው። ስለዚህ ሳይገኝ የቀረ ፌሮ ቢኖር ዛሬ በዚያን ጊዜ ጉልበቱ አይደለም። በ1984 አዲስ ቤት ሠርቶ ልጆቹን ያስገባ አባወራ ግን 40 ዓመት መጠበቅ አይችልም ነበር፤ ማፍረሱ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጥፋቱን ብዙ ጽሑፍ ማሽኑን በፈታታው ሠራተኛ ላይ ይጭነዋል። እኔ አልስማማም። ሰውየው የፈታው ማንም ምን እንደሆነ ያልነገረውን፣ ስድስት ዓመት ማንም ያልጠየቀውን ዕቃ ነው። ጥፋቱ የተሠራው ማሽኑ ያለ ፈቃድ ድንበር የተሻገረ ዕለት፣ ከዚያም መጋዘን ገብቶ ከሰው ልብ የጠፋ ዕለት ነው። ከ26 ዓመት በኋላ ሕንድ ውስጥ ዴልሂ ላይ የደረሰውም ያንኑ ይመስላል፦ ከ1985 ጀምሮ ሥራ ያቆመ የዩኒቨርሲቲ የጨረራ መሣሪያ በ2010 በጨረታ ተሸጠ፣ ማያፑሪ የተባለው የውዳቂ ብረት ገበያ ውስጥ ተቆረጠ፣ አንድ ሠራተኛ ሞተ። ሁለቱም ቦታ ከምድጃው በፊት የተረሳ መጋዘን አለ።

ጎንደር በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተከፈተባት ጊዜ አንሥቶ የሕክምና ከተማ ናት፤ የሕክምና ዕቃ ይገባል፣ ያረጃል፣ ይወገዳል። ጨረራ አመንጪ ምንጭ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ አይደለም የሚገኘው፤ መንገድ ሥራ ላይ የአፈርና የአስፋልት ጥግግት የሚለኩ አንዳንድ መሣሪያዎች፣ የብየዳ ስፌት የሚፈተሽባቸው መሣሪያዎች ውስጥም አለ። እኛ ጋ የሚሰበሰበው ቁርጥራጭ ብረት ደግሞ እዚህ አይቀልጥም፤ በመኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና አካባቢዋ ማቅለጫዎች ይሄዳል። ማቅለጫው ቤት ከደረሰ አንድ ሰው ሊያስቆመው የሚችለው መመርመሪያ ካለ ብቻ ነው። ቆራሌው ከማዳበሪያ ከረጢቱ ሲያራግፍ ግን ዓይን ይበቃል።

ዓይን የሚያየውን ልንገር። በመጠኑ ትንሽ ሆኖ ሳይመጣጠን የከበደ ዕቃ፣ ውስጡ እርሳስ ያለበት በርሜል መሰል ነገር፣ ቢጫ መደብ ላይ ሦስት ቅጠል የመሰለ ምልክት። ምልክቱን ብዙ ሰው ስለማያውቀው በ2007 ሌላ ተጨምሯል፦ በቀይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው። ይህኛው የሚለጠፈው ዕቃው ውስጥ፣ ለምንጩ ቅርብ ቦታ ነው፤ ያየው ሰው መፍታቱን ያቁም ለማለት። ቀለሙ ተልጦ፣ ጽሑፉ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ዋናው ምልክት ክብደቱ ነው።

ጋሼ ታሪኩን ከሰሙ በኋላ «ቆርጠነው ከሆነስ?» አሉኝ። ብዙ መመሪያ ይህን አይመልስም፤ ሁሉም ከመቁረጥ በፊት ያለውን ይናገራል። ከቆረጣችሁ ግራይንደሩን እዚያው ተዉት። ሰው ሁሉ ከግቢው ወጥቶ በርቀት ይቁም፤ ሁለት እጥፍ ከራቃችሁ ጨረራው ወደ ሩብ ይወርዳል። ወለሉን አትጥረጉ፣ በውኃም አትጠቡ፤ ውኃው ይዞት ቦይ ይገባል፣ ከቦይ ወደ ወንዝ ነው። ቱታና ጫማ አውልቃችሁ ላስቲክ ውስጥ አስራችሁ ከሰው ራቅ አድርጉ። እጅና ፊት በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ይታጠቡ፤ ቆዳ እስኪቆስል መፈተግ ግን መጥፎ ነው፣ ብክለቱን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ፖሊስ ይጠራ፤ ጨረራን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን እንዲነገረው ይጠየቅ። ማን ግቢው ውስጥ እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ከየት እንደተገዛና ለማን እንደተሸጠ ወዲያውኑ ይጻፍ። ማቅለሽለሽና ማስመለስ የመጣበት ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ «የበላሁት ነው» ብሎ እንዳያልፈው፤ ብረት እንደቆረጠ ይናገር።

ጋሼ መዝገብ አላቸው። ቀን፣ ኪሎ፣ ዋጋ ይጽፉበታል። ከማን እንደተገዛ የሚል አራተኛ ዓምድ እንዲጨምሩ ጠየቅኋቸው፤ ቆራሌዎቹ ስማቸው ሲጻፍ ይሸሻሉ ብለው ተከራከሩኝ። ስሙን ትተው ሰፈሩንና ከየትኛው ግቢ እንደተነሳ ብቻ ለመጻፍ ተስማማን።